የሦስተኛ መደብ ጥርሶች

ሂክማ ሰዒድ በኮምቦልቻ፣ ቁጥር አራት የአፍ ጤና ጣቢያ ሃያ አንድ ዓመት ሠርታለች። ሥራዋ ጥርሳቸው የተነቀለ ልጆችን መልሶ ማናገር ነው።

ልጆቹ አሥራ ስድስት ዓመት በሞላቸው ሳምንት ይመጣሉ። ሰኞ የላይኛው፣ ሐሙስ የታችኛው ይነቀላል። ድዱ ሲሽር ሰው ሠራሹ ይገጠምላቸውና ወደ ሂክማ ክፍል ይላካሉ። እሷም ጥርስ ከማይፈልጉት ፊደሎች ትጀምርላቸዋለች፤ «በ» እና «መ»። አሥራ ስድስት ዓመት የሞላቸው ልጆች መስኮቱ ሥር ተደርድረው «አባባ፣ እማማ» ይላሉ። በሦስተኛው ቀን «ሰ» ይመጣል፤ እሱ ያፏጫል። የመጨረሻዎቹ «ጠ» እና «ጸ» ናቸው። እነዚህ አፍ ውስጥ ታምቆ የሚፈነዳ አየር ስለሚፈልጉ፣ «ጸጥታ» ሲባል የላይኛው ጥርስ ከድዱ ብድግ ይልና ጠረጴዛው ላይ ይወድቃል። ሂክማ በዚህ የሚስቅ ልጅ አትቆጣም። የሚያለቅስ ካለ ግን ወንበሯን አጠገቡ ስባ ትቀመጥና የራሷን ጥርስ አውልቃ ታሳየዋለች።

«የኔ በሁለት ሺህ ሃምሳ አራት ዓመተ ምሕረት ነው የተነቀለው» ትለዋለች። «እነሆ ሃያ አምስት ዓመት ሆነው። ድዴ አንድ ቀን ደምቶ አያውቅም።»

ይህ እውነት ነበር። ባይነቀል ኖሮስ ይደማ ነበር ወይ ብሎ የጠየቃት ልጅ ግን አልነበረም።

በከተማው ከሦስት ሰው አንዱ ሦስተኛ መደብ ነው። ሕፃን በተወለደ ማግስት ከተረከዙ ደም ይወሰዳል፤ የአፍ ካርዱ ስም ሳይወጣለት ይደርሳል። የአንደኛ መደብ ሰው ጥርሱን ይጠብቃል፣ ሲታመም ይታከማል። የሁለተኛው በየስድስት ወሩ ይታያል። የሦስተኛው ድድ ግን ሠላሳ ዓመት ሲሞላው እንደሚበሰብስ፣ መግሉም ወደ ልብ እንደሚወርድ ዘረመሉ ይናገራል ስለተባለ፣ ሳይታመም በፊት ሁሉም ጥርሱ ይነቀላል። ስሙ ቅድመ ነቀላ ነው። ግዴታ አይደለም፤ ወላጅ ፈርሞ የሚፈቅደው ነገር ነው። ያልፈቀደ ሰው ጥርሱን ሲያመው የሚቀበለው ጣቢያ የለም፤ በጤናም ሆነ በምግብ ሥራ አይቀጠርም። ዳቦ ቤቶቹ ቅርፊት ያለውንና የሌለውን ለየብቻ ይሸጣሉ። ሽማግሌ የሚላክበት ቤት ከዘር ማንዘር አስቀድሞ ካርድ ይጠይቃል። ይህ ሁሉ ለሂክማ አዲስ ነገር አልነበረም፤ ያደገችው በዚሁ ነው።

የሂክማ አንድያ ልጅ ኢልሃም በ2079 ዓ.ም. መስከረም ላይ አሥራ ስድስት ሊሞላት አምስት ሳምንት ቀራት። ሦስተኛ መደብ ናት። የደሴ ነርስነት ትምህርት ቤት ተቀብሏታል፤ የሚጎድላት ወረቀት የቅድመ ነቀላው ማረጋገጫ ብቻ ነበር። አባቷ ጀማል ሕፃን ሳለች ነው የሞተው፤ ከሱ የወረሰችው ረጅም አንገትና ፍንጭት ነው። ያን ፍንጭት ጎረቤቱ ሁሉ ያወድስላት ነበር። ጣቢያው የሚገጥመው ጥርስ ሦስት ዓይነት ልክ አለው፤ ሦስቱም ፍንጭት የላቸውም።

አንድ ቀን ምሳ ላይ ኢልሃም ማንኪያዋን አስቀመጠችና፦

«ኡሚ፣ እማማ ስንተኛ መደብ ናት?» አለች።

እማማ የምትላት የሂክማን እናት ሩቅያን ነው። ሩቅያ ሰባ አራት ዓመቷ ነው፤ በወጣትነቷ ከኮምቦልቻ አፋር አይሱዙ ትነዳ ነበር። የደም ንባቡ ሲጀመር ዕድሜዋ አልፏል ተብላ ደሟ አልተወሰደም። ከአንድ መንጋጋ በቀር ጥርሷ ሙሉ ነው።

«አልተነበበችም» አለች ሂክማ። «የድሮ ሰው ነች።»

«እኔ ካንቺ ወሰድኩት፤ አንቺስ ከማን ወሰድሽው? አያቴ ሰዒድ ሆስፒታል ሲተኙ ተነበው አንደኛ መደብ ነበሩ፤ ሲሞቱ የተሰጠው ወረቀት ላይ አይቻለሁ።»

ሂክማ ነገሩን ከዚህ በፊት አስባው አለማወቋ ለራሷም ገረማት።

ኢልሃም በማግስቱ አያቷን ይዛ ጣቢያው ድረስ መጣች። ሩቅያ የንባብ ባለሙያው ዶክተር ናሆም ፊት ተቀምጣ ጣቷን ዘረጋች። ናሆም ሠላሳ አራት ዓመቱ ነው፤ ከአዲስ አበባ ተመድቦ ከመጣ ሦስት ዓመት ሆኖታል፤ ቀልድ አይወድም።

«ያማል?» አለችው ሩቅያ።

«አያምም፣ እማማ።»

«እኔን እንኳ ቢያመኝም ግድ የለም። የሚያመው ይቺን ነው።»

መሣሪያው ውጤቱን እስኪሰጥ ኢልሃምና ሂክማ በር ላይ ቆሙ። ናሆም ሰሌዳውን አየ፤ ቀና ብሎ የሩቅያን አፍ አየ፤ እንደገና ሰሌዳውን አየ።

«ሦስተኛ መደብ» አለ።

ሩቅያ ሳቀች። የሳቀችው በሙሉ አፏ ስለነበር ክፍሉ ውስጥ ለነበሩት ሁሉ ጥርሷ ታየ።

«ልዩ አጋጣሚ ይኖራል» አለ ናሆም። «ንባቡ ስለብዙው ሰው ነው የሚናገረው።»

«ስንት ልዩ አጋጣሚ ሲገኝ ነው ልዩ መሆኑ የሚቀረው?» አለችው ኢልሃም።

ሂክማ የልጅቷን ክንድ ይዛ አወጣቻት። ናሆም ግን ጥያቄውን አልረሳውም። ከሦስት ቀን በኋላ ሩቅያን አስጠርቶ፣ የምታውቃቸው ሽማግሌዎች ደም ለመስጠት ይፈቅዱ እንደሆነ ጠየቃት። ሩቅያ የዕድሯን ሰው፣ የመስጊዱን ሰው፣ ድሮ አብረዋት መኪና የነዱትን ሳይቀር ሰበሰበች። በሁለት ሳምንት ውስጥ አርባ ሦስት ሽማግሌና አሮጊት በምሳ ሰዓት እየመጡ ጣታቸውን ሰጡ፣ አፋቸውን ከፈቱ። ሠራተኞቹ ይህን እንደ ጨዋታ አዩት። ሂክማ በክፍሏ መስኮት በኩል ስታያቸው ግን መጋረጃውን ትስብ ነበር፤ ለምን እንደሆነ ራሷን አልጠየቀችም።

የኢልሃም ቀጠሮ ሊደርስ ስድስት ቀን ሲቀረው ናሆም ሂክማን ጠራት። በሩን ዘጋ።

«እትዬ ሂክማ፣ ይቀመጡ።»

«ቆሜ እሰማለሁ።»

«ካነበብኳቸው አርባ ሦስት ሰዎች አሥራ ስምንቱ ሦስተኛ መደብ ናቸው። ከአሥራ ስምንቱ ድዳቸው የታመመ ሁለት ብቻ ናቸው። ሁለቱም ሲጋራ አጫሾች ናቸው።»

ሂክማ ሰሌዳውን አየች።

«መሣሪያው የሚያመሳክርበት መዝገብ አለ» አለ ናሆም። «የተሠራው ከሌላ አገር ሰዎች ነው። ይህ ምልክት እነሱ ላይ ሲገኝ ድድ ያበሰብሳል። እውነት ነው፣ አይቼዋለሁ። እኛ ላይ ግን ምልክቱ አብሮን የኖረ ነገር ነው፤ ምንም አያደርግም። እዚህ መጥቶ ያጣራ ሰው የለም። እኔም ሦስት ዓመት ሙሉ ሳነብ አላጣራሁም።»

«ዋናው ቢሮ ያውቃል?»

«ትናንት ልኬላቸዋለሁ። መልስ ይዘገያል፤ ወራት ሊወስድ ይችላል።» ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «የኢልሃም ነገር ስለደረሰ ነው የጠራሁዎት። በእርስዎ ቦታ ብሆን አልፈርምም።»

ሂክማ ወንበሩን ሳበችና አሁን ተቀመጠች። ሃያ አንድ ዓመት ያስተማረቻቸውን ቁጥር ታውቀዋለች፤ በየዓመቱ መጨረሻ ሪፖርት የምትጽፈው እሷ ናት። አራት ሺህ ከሁለት መቶ ያህል ልጆች ናቸው። ስማቸውን ያስታወሰቻቸው ብዙ ናቸው። ጠረጴዛው ሥር ተደብቃ «አልናገርም» ብላ የቀረች አንዲት ልጅ ነበረች፤ ወይንሸት የምትባል። ሂክማ እዚያው ወለሉ ላይ ቁጭ ብላ አንድ ሰዓት ሙሉ አባብላታለች። «ይህ የሚደረገው እንዳይብስብሽ ነው» ብላታለች።

«ለማን ነግረዋል?» አለችው።

«ከቢሮው ሌላ ለእርስዎ ብቻ።»

«እንግዲያው ለኢልሃም አይንገሯት። እኔ እነግራታለሁ።»

ናሆም ራሱን ነቀነቀ። አመናት።

ሂክማ ያን ዕለት ከሥራ ወደ ቤቷ አልሄደችም፤ ወደ እናቷ ሄደች። ሩቅያ በረንዳዋ ላይ ተቀምጣ በወይራ መፋቂያ ጥርሷን ትፍቅ ነበር። ልጇን ስታያት መፋቂያውን ኪሷ ከተተችው። ሂክማ ፊት ሲሆን ሁልጊዜ እንዲሁ ነበር የምታደርገው።

«እማ» አለች ሂክማ፣ «የኔ ሲነቀል ማን ፈረመ?»

ሩቅያ ጥያቄውን ስትጠብቀው የኖረች ይመስል አልደነገጠችም። «አባትሽ መንገድ ላይ ነበር። እኔ ፈረምኩ።»

«ምን አሉሽ?»

«ካልተነቀለ ሠላሳ ዓመቷን ሳትደፍን በልብ ትሞታለች አሉኝ። አንቺ ደጅ ቆመሽ ሸንኮራ ትበዪ ነበር። በጥርስሽ ስትልጪው በመስኮት አይሻለሁ። ሐኪም ነው፣ የተማረ ነው አልኩና ፈረምኩ።» ኪሷ ያለውን መፋቂያ ነካች። «ወላሂ ከዚያ ወዲያ አንቺ ባለሽበት ቆሎ ቆርጥሜ አላውቅም።»

«ታዲያ ዛሬ ሽማግሌ እየሰበሰብሽ ሐኪም አያውቅም ትያለሽ።»

«እኔ ምን አውቄ። የማውቀው የራሴን አፍ ነው። ልጂቱን ተያት፣ ሂክማ።»

«የኔ ሲሆን ሐኪም ያውቃል፤ የሷ ሲሆን አያውቅም?» ሂክማ ድምፏ ከፍ ሲል የላይኛው ጥርሷ ተነሣባትና በምላሷ መለሰችው። «እኔን ለምን አልተውሽኝም?»

ሩቅያ እጇን ዘርግታ የልጇን ጉልበት ልትነካ ስትል ሂክማ ተነሥታ ሄደች።

በቀጣዮቹ የሥራ ቀናት እንደ ወትሮው ሠራች። አዲስ የመጡ ዘጠኝ ልጆች ነበሩ፤ «አባባ፣ እማማ» አስባለቻቸው። ኢልሃም በየቀኑ ማታ ማታ ራት ሲቀርብ፣ ዶክተር ናሆም ምን እንዳገኘ ትጠይቃታለች። ሂክማ «ገና ነው» ትላለች። በዋዜማው ኢልሃም አልተወቻትም።

«ኡሚ፣ ነገ እኮ ነው። ምንም አላለሽም?»

«ተናግሯል» አለች ሂክማ። «መደብሽ ሦስት ነው አለ።»

«የእማማስ?»

«የእሷን ተያት። ትምህርት ቤቱ ወረቀቱን ይፈልጋል።»

ኢልሃም እናቷን ለረጅም ጊዜ አየቻት። ከዚያ «እሺ» አለች። ልጅቷ ያመነችው በሐኪሙ አልነበረም፤ በእናቷ ነበር።

ሰኞ ጧት ሂክማ ፊርማን በአሻራ በሚቀበለው የስምምነት መስታወት ላይ ጣቷን አስቀመጠች። ናሆም በመተላለፊያው ሲያልፍ አይቷት ቆመ፤ እሷም አየችው፤ አልተነጋገሩም። ልጅቷን ነግራት፣ ሁለቱም ተስማምተው የመጡ መሰለው። ኢልሃም ነጠላ ጫማዋን አውልቃ ወደ ውስጥ ገባች። ሂክማ ወላጆች በሚጠብቁበት ወንበር ላይ ሳትቀመጥ ወደ ክፍሏ ሄዳ ሥራዋን ጀመረች።

በፍርሃት ብቻ አይደለም የፈረመችው። የትምህርት ቤቱ ነገር ያስጨንቃት ነበር፤ እሱ ግን የሚለመን፣ የሚዘገይ ነገር ነበር። የማይለመነው ሌላው ነው። ኢልሃም ጥርሷን ይዛ ሠላሳ፣ አርባ ዓመት ከሞላት፣ ያ ጥርስ በየቀኑ ምሳ ላይ ፊቷ ተቀምጦ ይመሰክርባታል። ሂክማ ራሷ በአሥራ ስድስት ዓመቷ የሆነችውን ሁሉ፣ ከዚያም በኋላ ያባበለቻቸውን አራት ሺህ ልጆች ሁሉ ከንቱ ያደርግባታል። ልጅቷም እንደ ሌሎቹ ብትሆን ግን ነገሩ እንደነበረ ይቀጥላል። ሂክማ ይህን በቃል አላሰበችውም።

ኢልሃም ንግግሯን በዘጠኝ ቀን መለሰች፤ በጣቢያው ታሪክ እንዲህ የፈጠነ አልነበረም። ሂክማ እንደማንኛውም ልጅ ከ«በ» ጀመረችላት። ልጅቷ አላለቀሰችም፣ አልሳቀችም። «ጸ» ላይ ጥርሷ ሲወድቅ አንሥታ በውሃ አለቀለቀችውና መለሰችው። ጥርሷ ነጭ፣ የተስተካከለ፣ ክፍተት የሌለው ነበር። ጎረቤቶች «እንኳን አለፈልሽ» እያሉ መጡ፤ ስለ ፍንጭቷ ያነሣ የለም። ኅዳር ላይ ደሴ ሄዳ ትምህርት ጀመረች፤ ዓርብ ትምህርት ስለሌላት ሐሙስ ሐሙስ ማታ ወደ ቤት ትመለሳለች።

የካቲት ላይ የዋናው ቢሮ መልእክት በሁሉም ሰው የእጅ ስልክ ገባ። አጭር ነበር። የንባቡ መዝገብ ታድሷል፤ ከዛሬ ጀምሮ ሦስተኛ መደብ የተባለው ተሰርዟል፤ የነበሩበት ሁሉ አንደኛ መደብ ሆነዋል፤ «ክቡራን ተገልጋዮች የተፈጥሮ ጥርሳችሁን በቀን ሁለት ጊዜ እንድታጸዱ፣ በዓመት አንድ ጊዜም እንድትታዩ እናሳስባለን።» ስለ ተነቀለው የተጻፈ ነገር አልነበረም። ይቅርታ የሚል ቃልም አልነበረም።

በዚያ ሳምንት ጣቢያው ጸጥ አለ። የሚነቅሉት ሐኪሞች ነጭ ልብሳቸውን ለብሰው ተቀምጠው ዋሉ። ማንም መጥቶ የጮኸ የለም። አንድ ሰውዬ ብቻ፣ አምሳ ዓመት የሚሆነው፣ የላይኛውንም የታችኛውንም ጥርሱን አውልቆ መቀበያው ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠና ምንም ሳይናገር ወጣ። ጥርሶቹ እዚያው ሦስት ቀን ተቀመጡ፤ የሚያነሣቸው ጠፋ።

ናሆም ሪፖርቱን በላከ በሁለተኛው ወር ወደ ሰመራ ተዛውሮ፣ ዕቃ ግምጃ ቤት ተመድቦ ነበር። መልእክቱ ከወጣ በኋላ የቀሩትን ዕቃዎቹን ሊወስድ ኮምቦልቻ መጣና፣ ዓርብ ቀን ሊሰናበታት ወደ ሂክማ ቤት ሄደ። ሂክማ ሥራ ላይ ነበረች። በሩን የከፈተችው ኢልሃም ናት።

ሂክማ ስትመለስ ናሆም ሄዷል። ኢልሃም ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀምጣለች፤ ቦርሳዋ እግሯ ሥር ነው።

«ዶክተር ናሆም መጥቶ ነበር» አለች። «በጣም አዘነ። ‹እናትሽ ብትነግርሽም አለመስማትሽ› አለኝ።»

ሂክማ የአንገት ልብሷን ሳታወልቅ ቆመች።

«ምኑን ነው ያልሰማሁት ኡሚ?»

«ነግሮኝ ነበር» አለች ሂክማ።

«መቼ?»

«ሳይነቀል። ስድስት ቀን ሲቀረው።»

«አላመንሽውም?»

እዚህ ላይ መዋሸት ትችል ነበር። «አላመንኩትም፣ ወጣት ነው፣ ይሳሳታል ብዬ» ማለት ይበቃ ነበር፤ ልጅቷም ምናልባት ትቀበላት ነበር። ሂክማን ግን ባለፉት ወራት ውሸቱ አድክሟት ነበር።

«አምኜው ነበር» አለች።

ኢልሃም ጠበቀች።

«እውነት ከሆነ የኔስ ምንድን ነው? አልኩ። ያስተማርኳቸውስ?» ሂክማ ቃል ፈለገች፤ ሥራዋ ቃል ማስተካከል ነበር፣ ግን አላገኘችም። «አንቺን ባየሁ ቁጥር…» ብላ ተወችው።

«ስለዚህ የኔም ይነቀል አልሽ።»

ኢልሃም ድምፏን አላነሣችም። ቦርሳዋን አንሥታ የእናቷን ትከሻ ሳትነካ በአጠገቧ አልፋ ወጣች። ወደ ሩቅያ ቤት ነው የሄደችው፤ መንገዱ አሥር ደቂቃ አይፈጅም።

ከዚያ ወዲያ ሐሙስ ሐሙስ ከደሴ ስትመጣ እዚያ ታድራለች። ጣቢያው የንግግሩን ክፍል ዘጋና ሂክማን ሌላ ሥራ ሰጣት፦ በየትምህርት ቤቱ እየዞረች ለልጆች የጥርስ አፋፋቅ ታሳያለች። የምታሳየው በፕላስቲክ መንጋጋ ነው።

ሂክማ አንድ ወር ቆጥራ፣ ዓርብ ከጁምዓ በኋላ ወደ እናቷ ቤት ሄደች። ብርቱካን ገዝታ፣ ልጣጩ ለስላሳ የሆነውን አስመርጣ ነበር። በሩን አንኳኳች። የከፈተችው ኢልሃም ናት፤ መጻሕፍቷ ከኋላዋ ምንጣፉ ላይ ተዘርግተዋል። ልጅቷ ከስታለች። አፏ ግን ተስተካክሏል፤ ፉጨትም የለውም፤ ሂክማ ካስተማረቻቸው ሁሉ አጥርታ የምትናገረው እሷ ናት።

«ኢልሃሜ» አለች ሂክማ።

ልጅቷ ፌስታሉን በሁለት እጇ ተቀበለቻት፤ ትልቅ ሰው ሲሰጥ እንደሚቀበሉት። አፏን ፈትታ «ኡሚ» ካለችበት ቀን ጀምሮ እናቷን «አንቺ» ብላ ነው የኖረችው፤ እንደ ማንኛውም ልጅ።

«ይግቡ» አለቻት። «እማማ እየሰገደች ነው። እስክትጨርስ ይቀመጡ።»